«አያስፈልገኝም» ማለት ለምን ይከብዳል? ፌስታል፣ ይሉኝታና የአዳማ ገበያ

(በአዳማ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ትምህርት በጽሑፍ የተዘጋጀ)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ሲነገር ትንሽ ይመስላል። አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ አንድ ሳሙና ይገዛል። ባለሱቁ ሳሙናውን በፌስታል ከቶ ይሰጠዋል። ገዢው ፌስታል አልጠየቀም፤ ሳሙናው በራሱ ወረቀት የተጠቀለለ ነው፤ የኮቱም ኪስ ባዶ ነው። ሆኖም ይቀበላል፣ አመስግኖም ይሄዳል። ፌስታሉ ከሱቁ እስከ ቤቱ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው ግን ከገዢውም ከባለሱቁም ዕድሜ ይረዝማል።

የማነሣው ጥያቄ «ፌስታል ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» የሚል አይደለም፤ ይህ ብዙ ተብሎበታል። ጥያቄዬ፣ ጉዳቱን የምናውቅ ሰዎች ያልጠየቅነውንና የማያስፈልገንን ዕቃ በየቀኑ ለምን እንቀበላለን? የሚል ነው። መልሴንም ከወዲሁ ላስቀምጥ። ፌስታል በገበያችን ውስጥ ከመያዣነት አልፎ የአክብሮት ምልክት ሆኗል፤ ስለሆነም እሱን እምቢ ማለት ሰውን እንደ ማሳፈር ይቆጠራል። ይህን በምክር ብቻ ወይም በቅጣት ብቻ መፍታት አይቻልም። መፍትሔው የጥያቄውን ተራ መገልበጥ ነው፤ ይኸውም የማይፈልግ ሰው «አልፈልግም» ማለት ሳይጠበቅበት፣ የሚፈልግ ሰው «መያዣ ስጡኝ» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

ዕቃው ራሱ

ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን በእንግሊዝ አገር በአንድ የኬሚካል ኩባንያ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1933 ሳይታሰብ የተገኘ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሁለት ማንጠልጠያ ከረጢት የነደፈው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ ይሠራበት የነበረው ሴሎፕላስት የተባለ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ንድፉ በምሕንድስና ዓይን ሲታይ የሚደነቅ ነው። አምስት ግራም ገደማ የሚመዝን ቀጭን ነገር ከራሱ ክብደት ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ሸክም ይይዛል፣ ውኃ አያስገባም፣ ታጥፎ በመዳፍ ውስጥ ይጠፋል። የፌስታል ችግር የመጣው ከብልሃቱ ነው። በጣም ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም።

እስቲ እኛ እንቁጠረው። አንድ ቤተሰብ በቀን ሦስት ፌስታል ያስገባል እንበል፤ አንድ ለዳቦ፣ አንድ ለሽንኩርትና ቲማቲም፣ አንድ ለሌላ ነገር። በዓመት 1,095 ይሆናል። ክብደቱ ግን አምስት ኪሎ ተኩል እንኳ በቅጡ አይሞላም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በክብደት ሲመዘን ከንቱ ነው፤ በቁጥር ሲታይ ግን ሺህ ጊዜ ሊበር፣ ሺህ ቦታ ሊደፍን የሚችል ነገር ነው።

ይህ ስሌት በየሰፈራችን የሚያልፈው ቆራሌው ለምን ፌስታል እንደማይገዛም ያስረዳናል። ቆራሌው ብረት ይገዛል፣ አሮጌ ጫማ ይገዛል፣ ሃይላንዱን ይሰበስባል። አንድ ኪሎ ፌስታል ለመሙላት ግን ሁለት መቶ ያህሉን ከየአጥሩና ከየቦዩ መልቀም፣ ማጠብና ማድረቅ አለበት። ድካሙን የሚከፍለው ዋጋ የለም። ስለዚህ «መልሶ መጠቀም» የሚለው መፍትሔ ለጠርሙስ ቢሠራም ለስስ ፌስታል ግን አልሠራም። አንዴ ከእጃችን ከወጣ የሚመልሰው ሰው የለምና፣ ልናቆመው የምንችለው እጃችን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

መውጫ የሌለው ተፋሰስ

ይህ ጉዳይ በየትኛውም ከተማ ያለ ቢሆንም፣ በእኛ አካባቢ የተለየ ክብደት አለው። ምክንያቱ መልክዓ ምድራችን ነው።

በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ስለ ፕላስቲክ ሲናገሩ ወደ ውቅያኖስ ስለሚገባው ቆሻሻ ያስባሉ። የእኛ ወንዝ ግን ባሕር አይደርስም። አዋሽ ከምዕራብ ሸዋ ደጋ ተነሥቶ፣ ቆቃ ላይ ተገድቦ፣ በአዳማ ደቡብ በወንጂና በሶደሬ አልፎ፣ መተሐራንና የአፋርን ምድር አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ወደ ደቡብ ብንሄድም ነገሩ ያው ነው። የባቱ ሐይቅ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል፤ ከአቢጃታ ግን መውጫ የለም። ስምጥ ሸለቆ ማለት ዝግ ሸለቆ ማለት ነው። እኛ የጣልነውን ወደ ሌላ አገር የሚወስድልን ውኃ የለም። ወይ ከእኛ ጋር ይቀራል፣ ወይ ከእኛ በታች ላሉት፣ ለመስኖ ገበሬው፣ ለከረዩና ለአፋር አርብቶ አደር፣ ለባቱ ዓሣ አጥማጅ ይደርሳል። አዳማ ራሷ የምትጠጣው ከአዋሽ ተጠልፎ የሚጣራውን ውኃ መሆኑንም አንዘንጋ።

ሁለተኛው ነገር ነፋሱ ነው። የአዳማ ነፋስ ታዋቂ ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ብለው በኮረብቶቹ ላይ የተተከሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እንዲኖራቸው ሆነው የተሠሩት ይህ ነፋስ ስላለ ነው። ያው ነፋስ በየበሩ የተጣለውን ፌስታል አንሥቶ በግራሩ እሾህ ላይ ይሰቅለዋል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ፣ ዛፎቹ በየከተማው መግቢያና መውጫ ምን ለብሰው እንደሚታዩ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ጎርፉ ነው። ከተማችን በኮረብቶች የተከበበች ጎድጓዳ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ክረምት ሲገባ ከኮረብቶቹ የሚወርደው ውኃ የሚያልፈው በቦዮቻችን ነው። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን በመከልከል ከዓለም አገሮች ቀዳሚ የሆነችው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1998 የደረሱባትን ታላላቅ ጎርፎች ካባባሱት ነገሮች አንዱ የውኃ መውረጃ ቦዮችን የደፈነ ፌስታል መሆኑን ስላየች ነው። የእነሱ ምድር ከእኛ ምድር ቢለይም፣ የተደፈነ ቦይ ግን በየትም አገር የተደፈነ ቦይ ነው።

አራተኛው ከብቶቻችን ናቸው። የእንስሳት ሐኪሞች በአገራችን ቄራዎች ባደረጓቸው ምርመራዎች፣ በታረዱ ከብቶች ጨጓራ ውስጥ ከሚያገኟቸው ባዕድ ነገሮች መካከል ፕላስቲክ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ከብቱ ፌስታሉን የሚበላው የምግብ ትራፊና ጨው ስለሚሸትበት ነው። ከገባ በኋላ አይፈጭም፣ አይመሰኳም፣ ወደ ታችም አያልፍም። እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ እንስሳው የጠገበ እየመሰለው ይከሳል። አንዲት የወተት ላም ለአንድ የከተማ ዳር ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነች በዚህ አዳራሽ ለተሰበሰበ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሕጉ ምን አለ?

አገራችን ስለ ፌስታል ሕግ ማውጣት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ በተፈጥሮ የማይበሰብሱና ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ልኬቱን ከገበያው ጋር አስተያዩት። 0.03 ሚሊ ሜትር ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ግማሽ ገደማ ነው። ጉልት ላይ የተቀመጠች ሴት በጣቷ ዳብሳ ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ ልትለይ አትችልም። ሕጉ ፋብሪካውንና አስመጪውን ሲመለከት፣ ሻጩና ገዢው የሚገናኙበትን ያን አንድ ቅጽበት ግን አልነካውም። ፌስታሉ መሰጠቱን ቀጠለ፤ እኛም መቀበላችንን ቀጠልን።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ይህኛው አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል ሲሆን፣ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ይደነግጋል። ስለዚህ ሕጉ አሁን ከፋብሪካው አልፎ ወደ እጃችን መጥቷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ሕግ ወጣ ማለት ዕቃው በዚያው ቀን ከሰው ልማድ ጠፋ ማለት አይደለም። በተጨማሪም የፍትሕ ጥያቄ ያነሣል። 2,000 ብር ለአንድ ሱፐርማርኬት ደንበኛ ብስጭት ነው፤ ሽንኩርት ደርድራ ለምትቸረችር እናት ግን መነሻ ካፒታሏ ሊሆን ይችላል። እሷ ፌስታል የምትሰጠው ፌስታል ወድዳ አይደለም፤ ካልሰጠች ገዢው ወደ ጎረቤቷ ስለሚያልፍ ነው። ስለሆነም እሷ ከመቀጣቷ በፊት እኛ ገዢዎቹ ያለ ፌስታል መግዛትን መልመድ ይኖርብናል። አለመቀበል ከፅዳት አልፎ የፍትሕ ጉዳይም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እምቢታ ለምን ይከብዳል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አራት ምክንያቶችን አቀርባለሁ።

አንደኛው ይሉኝታ ነው። በእኛ ባህል የሚሰጥን ነገር መመለስ ነውር አለበት። ምግብ ሲቀርብልን «ጠግቤያለሁ» ብንል እንኳ አንድ ጉርሻ ሳንቀበል አንነሣም። ባለሱቁም ፌስታሉን ሲዘረጋ «ደንበኛዬን ዕቃውን በእጁ አላስይዝም» ማለቱ ነው። እንዲያውም ደንበኛውን የበለጠ ያከበረ ሻጭ «እንዳይቀደድብዎ» ብሎ ይደርባል። ይህ መልካም ጠባይ ነው። ስለዚህ እምቢ የሚል ሰው ሻጩን ሳያስቀይም እምቢ የሚልበት ቃል ያስፈልገዋል። ቃሉ ደግሞ ጊዜ አለው። ዕቃው ከተከተተ በኋላ «አልፈልግም» ማለት ሥራውን ማፍረስ ነው፤ ሻጩም የወጣውን ፌስታል ጨምድዶ ይጥለዋል እንጂ መልሶ አያጥፈውም። ከግዢው በፊት የራስን መያዣ ዘርግቶ «እናቴ፣ እዚህ ላይ አድርጊልኝ»፣ «ወንድሜ፣ ፌስታል አያስፈልገኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ግን ማንንም አያሳፍርም። በአፋን ኦሮሞ ለሚነጋገሩም «ሂን ባርባቺሱ» የሚለው ቃል ከፈገግታ ጋር ሲነገር ይበቃል። መከልከልና ማመስገን አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ሁለተኛው ገመና ነው። ጥቁር ፌስታል ለምን ይህን ያህል ተወደደ? የሚደብቅ ስለሆነ ነው። ሩብ ኪሎ ስኳር የገዛ ሰው ሩብ ኪሎ መሆኑን ጎረቤት እንዲያይበት አይፈልግም። ግማሽ ኪሎ ሥጋ የገዛም እንዲሁ፤ አንዱ ማነሱን ያፍራል፣ ሌላው ዓይን ይፈራል። ሞዴስ የምትገዛ ወጣት ተማሪ ዕቃው በጥቁር ፌስታል ወይም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ካልተሰጣት መንገድ ላይ ይዛው መሄድ ይከብዳታል። መድኃኒት የሚገዛ በሽተኛም ሕመሙን ለሰው ማሳየት አይፈልግም። ይህን ቀላል ነገር አድርገን ልናልፈው አይገባም። ፌስታሉን ስንከለክል ያንን መሸፈኛም እየወሰድን ነው። ምትኩን ሳናዘጋጅ ብንወስድ፣ ዋጋውን ከሁሉ በፊት የሚከፍሉት ሴቶችና ድሆች ናቸው።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ነው። የራሳችሁን ቦርሳ ይዛችሁ ሱፐርማርኬት ለመግባት ሞክሩ። በብዙዎቹ በር ላይ ጥበቃው ያስቆማችኋል፤ ቦርሳውን አስቀምጣችሁ ቁጥር ትቀበላላችሁ። ስትወጡ ደግሞ የተከፈለበት ዕቃ ምልክቱ ሱቁ የሰጠው ፌስታልና ደረሰኙ ነው። ዕቃውን በእጁ ይዞ የሚወጣ ሰው በዓይን ይመረመራል። እንግዲህ ተቋሙ ፌስታል የሌለውን ሰው በሌብነት የሚጠረጥር ከሆነ፣ ገዢውን «ለምን ከቤትህ ይዘህ አትመጣም?» ብሎ መውቀስ ሚዛናዊ አይሆንም። ችግሩ ያለው በገዢው ጠባይ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በበሩ አሠራር ውስጥም ነው።

አራተኛው ያልታሰበ ግዢ ነው። የአንድ ሠራተኛ ቀን ተመልከቱ። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ማታ ምን እንደሚገዛ አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ ከባጃጅ ወርዶ ዳቦ ያያል፣ ሙዝ ያያል፣ ቤት ደውሎ «ምን ልያዝ?» ይላል። የሚገዛው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ምክንያቱም ገቢው የሚፈቅድለት እንደዚያ ነው። በወር አንድ ጊዜ አስቦ የሚገዛ ባለ መኪና ከረጢቱን መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል። ለዕለት የሚገዛው ግን መያዣውን ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ መያዝ አለበት። ስለዚህ ለእሱ የሚስማማው መያዣ ታጥፎ ኪስ የሚገባ መሆን አለበት።

ዘንቢሉ የት ሄደ?

በዕድሜ የገፋን ሰዎች «በእኛ ጊዜ ዘንቢል ነበር» ማለት እንወዳለን። እውነት ነው፤ ገበያ የሚሄድ ሰው ዘንቢል ይይዝ ነበር፤ እህል በስልቻና በጆንያ፣ ምግብ በአገልግል፣ ስኳርና ቆሎ በወረቀት ጥቅልል ይያዝ ነበር። ይሁን እንጂ ዘንቢሉ ብቻውን አልቆመም። የገበያ ቀን ነበረ፤ ለገበያ ቀን የሚሰናዳ ቤት ነበረ፤ ዘንቢሉንም በአብዛኛው የምትሸከም ሴት ነበረች። ዛሬ የገበያ ቀን በየዕለቱ ሆኗል፤ ወንዱም ሴቷም ከሥራ ሲመለሱ ይገዛሉ። የጠፋው ዘንቢሉ ብቻ ሳይሆን ዘንቢሉን ያስታውስ የነበረው ሥርዓተ ኑሮ ነው። ስለዚህ «ወደ ዘንቢል እንመለስ» የሚለው ጥሪ ናፍቆትን እንጂ መፍትሔን አይሰጥም። ከዘንቢል የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ መያዣው የገዢው ንብረት ነበር፤ ሻጩ ዕቃ እንጂ መያዣ አይሸጥም ነበር።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በዓለም ላይ የተሞከሩት መንገዶች በግርድፉ ሁለት ናቸው፤ ክልከላና ክፍያ።

በክልከላው መንገድ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምራ ትታወቃለች፤ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ 40,000 ዶላር የሚደርስ ቅጣት የያዘ እጅግ ጠንካራ ክልከላ አውጥታለች። ሁለቱም ጎዳናቸው ላይ የሚታይ ውጤት አግኝተዋል፤ ሁለቱም ግን በድንበር ከሚገባ ኮንትሮባንድ ጋር መታገል ነበረባቸው።

በክፍያው መንገድ አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ከረጢት ላይ 15 ሳንቲም ዩሮ ጣለች። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በዓመት 328 ያህል ከረጢት ይጠቀም የነበረው ወደ 21 ገደማ ወረደ። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ሱቆች ለከረጢት እንዲያስከፍሉ ስታደርግ፣ በየሰፈሩ ባሉ አነስተኛ ሱቆች «ከረጢት አልፈልግም» የሚሉት ደንበኞች ቀድሞ ከሦስት አንድ እንኳ የማይሞሉ የነበሩት ከአራት ሦስት ያህል ሆኑ። ክፍያው ሦስት የን ገደማ ነው፤ ለጃፓናዊ ከምንም የማይቆጠር ገንዘብ። ታዲያ ሰውን የለወጠው ምንድን ነው? ሦስቱ የን አይደለም። ክፍያ ስለመጣ ሻጩ «ከረጢት ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ሆነበት። ጥያቄው ሲመጣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። ካሰበ በኋላ ደግሞ እምቢ ማለት ማንንም አያሳፍርም፤ የተጠየቀ ሰው መልስ ሰጠ እንጂ የተሰጠውን አልመለሰም።

የአየርላንድና የጃፓን ልምድ ከላይ ካነሣሁት ይሉኝታ ጋር ሲገጣጠም መደምደሚያው ግልጽ ይሆናል። ያለ ጥያቄ የሚሰጥ ፌስታል ስጦታ ነው፤ ስጦታን መመለስ ይከብዳል። ተጠይቆ የሚሰጥ ፌስታል ግን ሸቀጥ ነው፤ ሸቀጥን መተው ማንንም አይከብድም።

የምትኩ ወጥመድ

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንድን መያዣ ከልክሎ ሌላውን በነፃ ማደል ችግሩን ስሙን መቀየር ብቻ ሊሆን ይችላል። የካሊፎርኒያ ግዛት ስሱን ከረጢት ከልክላ «ተደጋግሞ የሚያገለግል» የተባለ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት በ10 ሳንቲም እንዲሸጥ ፈቀደች። ሰው ወፍራሙንም አንድ ጊዜ ተጠቅሞ ጣለው፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2024 ያንኑ ወፍራሙን የሚከለክል ሌላ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ።

የጨርቅ ከረጢትም ቢሆን በራሱ ጽድቅ አይደለም። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከጥጥ የተሠራ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና ከአንድ ተራ የፕላስቲክ ከረጢት ጋር እንዲስተካከል ቢያንስ 52 ጊዜ ማገልገል አለበት፤ ውኃውና ሌላው ጫና ሁሉ ሲታሰብ ቁጥሩ ወደ 7,100 ይደርሳል። ጥናቱ የዴንማርክን የቆሻሻ አያያዝ መሠረት ያደረገ ስለሆነ፣ ፌስታል በነፋስ በሚበርበት፣ በቦይ በሚገባበትና በከብት በሚበላበት አገር ስሌቱ እንዳለ አይሠራም። መልእክቱ ግን ይሠራል፤ የመያዣ ጥቅሙ በተሠራበት ነገር ብቻ ሳይሆን በስንት ጊዜ ማገልገሉ ይለካል።

አዳማ የስብሰባና የዐውደ ጥናት ከተማ ናት። ከየአዳራሹ ስንወጣ ዐርማ የታተመበት፣ ጨርቅ የሚመስል ከረጢት ይሰጠናል። ያ ከረጢት ግን በአብዛኛው ጨርቅ አይደለም፤ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው፣ ሲያረጅም እየተበጣጠሰ ይበናል። በየምሁሩ ቤት ስንት እንደተከማቸ እናንተው ታውቃላችሁ። አሥረኛውን ከረጢት ተቀብሎ ስለ አካባቢ ጥበቃ ጽሑፍ ማቅረብ እርስ በርሱ ይጋጫል። እምቢታ ከእኛ ከተማርነው መጀመር ካለበት፣ ከዚህ ይጀምር።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ከላይ ያልኩት የተራ ግልበጣ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥና ዙሪያ ያሉ ሱቆች፣ የመጻሕፍት መደብሮችና የፎቶ ኮፒ ቤቶች መያዣን ከመደርደሪያው ሥር እንዲያስቀምጡና ሳይጠየቁ እንዳያወጡ መስማማት ይቻላል። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ እንዲያውም ለባለሱቁ ወጪ ይቀንስለታል። የፌስታል ዋጋ ከሽንኩርቱ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ እኛው የምንከፍለው ነውና፣ «ነፃ ፌስታል» የሚባል ነገር የለም። ጥሬ ዕቃውም ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መሆኑ ሲታሰብ፣ ለአምስት ደቂቃ አገልግሎት የሚወጣው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የበሩ አሠራር ነው። ሱፐርማርኬቶች ባዶ ከረጢት ይዞ የመጣን ደንበኛ በሩ ላይ ከማስቆም፣ ሲወጣ ደረሰኙን አይተው እንዲያሳልፉት ማድረግ ይችላሉ። ሦስተኛው ገመናን የሚጠብቅ ምትክ ነው። ፋርማሲዎችና ሞዴስ የሚሸጡ ሱቆች በወረቀት መጠቅለልን መልሰው ቢለምዱ፣ ይህን ሥራ ለሚሠሩ ወጣቶችም እንጀራ ይሆናል። አራተኛው ለእያንዳንዳችን ነው፤ ታጥፎ ኪስ የሚገባ አንድ ከረጢት ይበቃል፤ አሥር አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ፌስታልም አትጣሉት፤ እስኪያልቅ ድረስ ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት፤ አዲስ ከመቀበል ይሻላል።

ለተማሪዎች ደግሞ የምርምር ጥሪ አለኝ። በአንድ ሱቅ በር ላይ ለአንድ ሳምንት ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። ስንት ሰው ገዛ? ስንቱ ፌስታል ጠየቀ? ስንቱ ሳይጠይቅ ተሰጠው? ስንቱ እምቢ አለ? በሁለተኛው ሳምንት ባለሱቁ «መያዣ ይዘዋል?» ብሎ ብቻ እንዲጠይቅ አድርጉና እንደገና ቁጠሩ። ሴትና ወንድ፣ ወጣትና አዛውንት፣ ጉልትና ሱፐርማርኬት ለያይታችሁ መዝግቡ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ውጤቱ ግን ለከተማ አስተዳደርም ለሕግ አስፈጻሚም የሚጠቅም ጥናት ይሆናል። የእኛን ገበያ ጠባይ ከአየርላንድና ከጃፓን ቁጥር ብቻ መማር የለብንም።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ፌስታልን እምቢ የማለት ሸክምም ለአንድ ገዢ ብቻ ሲተው ይከብዳል፤ ይሉኝታውን፣ ጥርጣሬውን፣ ገመናውን ሁሉ ብቻውን ይሸከመዋልና። ሱቁ ሳይጠየቅ ባይሰጥ፣ ጥበቃው ባይጠረጥር፣ ሕጉም ከቸርቻሪዋ በፊት አምራቹንና አስመጪውን ቢይዝ፣ ለገዢው የሚቀረው ሸክም አንድ ቃል ነው። ያንን አንድ ቃል ለማለት ጀግንነት የማይጠይቅ ገበያ መፍጠር የሁላችንም ሥራ ነው።